«ደመወዝ፦ በስምምነት» የሚለውን በቁርጥ ደመወዝ ስለመተካት

አራት ኪሎ በሚገኙት የክፍት ሥራ ቦታ ማስታወቂያ ሰሌዳዎች ፊት ቆመው ስልክ ቁጥር የሚመዘግቡ ወጣቶች በብዙ ወረቀቶች ግርጌ የሚያገኙት ቃል ያው ነው፦ «ደመወዝ፦ በስምምነት»። ይህ ጽሑፍ በጥቂት አሥሮች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ያሏቸውን ድርጅቶች ለሚመሩ ባለቤቶችና የሰው ሀብት ኃላፊዎች የቀረበ ሲሆን፣ ያንን ቃል ቁርጡ በታወቀ ደመወዝ እንዴት መተካት እንደሚቻል ያሳያል።

በሙያው በቆየሁባቸው ዓመታት የማልረሳው አንድ የደመወዝ ቀን አለ። ሰንጋ ተራ አካባቢ በሚገኝ መሥሪያ ቤት ገንዘብ ያዧ ሠራተኞችን ፔሮል ስታስፈርም የሌሎቹን መስመር በነጭ ወረቀት ትሸፍን ነበር። ወረቀቱ ተንሸራተተና አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ፣ በአንድ ሳምንት አብሯት የተቀጠረ፣ በትምህርትም በልምድም የማይበልጣት ባልደረባዋ 20,000 ብር እንደሚከፈለው አየች፤ የእሷ 16,000 ብር ነበር። እሱ በቃለ መጠይቁ ተከራክሮ ነበር፤ እሷ ደግሞ ስንት እንደምትፈልግ ስትጠየቅ «በድርጅቱ ስኬል (የደመወዝ ሠንጠረዥ) መሠረት» ብላ ነበር። ሁለቱንም የቀጠርኩት እኔ ነበርኩና ምክንያቱን ብትጠይቀኝ የምሰጣት መልስ አልነበረኝም። አልጠየቀችኝም፤ ፈርማ ወጣች፣ በሁለተኛው ወር መልቀቂያ አስገባች።

ሥራው የሚጀምረው ሰውን ሳይሆን የሥራ መደብን በመመዘን ነው። እያንዳንዱ መደብ የሚጠይቀው ትምህርት፣ ልምድና ኃላፊነት በጽሑፍ ይቀመጥና በደረጃ ይመደብ፤ ለሠላሳ ሠራተኛ አምስት ወይም ስድስት ደረጃ ይበቃል። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በደረጃ፣ በእርከን (በአንድ ደረጃ ውስጥ ባሉ የደመወዝ መወጣጫዎች)፣ በመነሻና በጣሪያ ደመወዝ የሚሠሩበት ልማድ ለዚህ ጥሩ መነሻ ነው፤ አመልካቹ ከማመልከቱ በፊት የሚከፈለውን ያውቃልና።

የእርከን አሰጣጡን በጽሑፍ መወሰን ከሁሉ የሚበልጥ ጥንቃቄ ይሻል። የትኛው ልምድ እንደሚያዝ፣ ስንት ዓመት ስንት እርከን እንደሚያስገኝ ካልተጻፈ፣ በፊት በር የወጣው ድርድር በጓሮ በር ተመልሶ ይገባል። በተለይ አመልካቹን «አሁን ስንት ይከፈልሃል?» ብሎ መጠየቅ መቅረት አለበት፤ ቀድሞ የተበደለ ሰው በደሉን ይዞ ወደ እናንተ እንዲመጣ ያደርጋልና። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 42 ሴቶች ሠራተኞች ለተመሳሳይ ሥራ ተመሳሳይ ክፍያ የማግኘት መብት እንዳላቸው ደንግጓል፤ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም በጾታ ምክንያት በክፍያ መለየትን ይከለክላል። አከፋፈሉ በየሰው ድርድር የሚወሰን ድርጅት ይህን ማክበሩን በምን ያስረዳል?

ያልተጣራውንና የተጣራውን ደመወዝ ጎን ለጎን ጻፉ። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር ሕግ መሠረት ከ20,000 ብር ላይ 4,950 ብር ግብርና 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ፣ ማለትም 1,400 ብር፣ ተቀንሶ ሠራተኛው እጅ የሚገባው 13,650 ብር ነው። አሠሪው የሚጨምረው 11 በመቶ መዋጮም ስላለ ወጪያችሁ 22,200 ብር ይደርሳል።

ነባር ሠራተኞችን በተመለከተ፣ ከደረጃቸው መነሻ ደመወዝ በታች የሚከፈላቸው ስኬሉ ይፋ ከመሆኑ በፊት ከፍ ይበሉ። ከጣሪያው በላይ የሆነ ካለ ግን አይቀነስበትም፤ ስኬሉ እስኪደርስበት ባለበት ይቆያል።

የሚያጓጓ አመልካች ተጨማሪ ቢጠይቅ፣ «ከሙከራ በኋላ እናስተካክላለን» የሚል የቃል ተስፋ አትስጡ። የሙከራው 60 የሥራ ቀን አልቆ ቃሉ ተረስቶ ያዘኑ ብዙዎችን አውቃለሁ። ጥያቄው ትክክል መስሎ ከታያችሁ መደቡን ራሱን ድጋሚ መዝኑ፤ ደረጃው ከፍ ካለ በዚያ መደብ ላሉት ሁሉ በአንድ ቀን ከፍ ይበል፤ ካላለ ደግሞ ስኬሉን አሳዩትና ውሳኔውን ለእሱ ተዉለት። የሚቀጥለው ማስታወቂያችሁ እንዲህ ይነበብ፦ «ሒሳብ ሠራተኛ፣ ደረጃ 4፣ መነሻ እርከን፣ ያልተጣራ ደመወዝ 20,000 ብር፣ የተጣራ 13,650 ብር»።