ጣና ዳር ክሬን የሚባሉትን ወፎች በቡድን ሆኖ እንዴት ማየት ይቻላል?

የአውሮፓ ብርድ ሲመጣ ከፊንላንድና ከሩሲያ የሚነሱ ግራጫ ክሬኖች፣ ማለትም እግራቸውና አንገታቸው ረጅም የሆነ ትልልቅ ወፎች፣ በቱርክና በእስራኤል በኩል ወደ ደቡብ ይበራሉ። አንዳንዶቹ እስራኤል፣ ሁላ ሸለቆ ላይ ይቀራሉ። ሌሎቹ ግን እኛ ጋ ድረስ ይመጣሉ። ከሚያድሩባቸው ቦታዎች አንዱ ግልገል ዓባይ ጣና የሚገባበት አካባቢ ያለው የጭምባ ረግረግ ነው። ጣናና ዙሪያው ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ነው።

መጀመሪያ ጊዜውን ምረጡ። ታኅሣሥና ጥር ጥሩ ናቸው። ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሰላም እዚያው ከሚኖር ሰው ጠይቁ። እርግጠኛ ካልሆናችሁ ጉዞውን ለሌላ ጊዜ አስተላልፉት፤ ወፎቹ ለከርሞም ይመጣሉ።

ቡድኑ ከስምንት ወይም ከአሥር ሰው ባይበልጥ ይሻላል። ሰው ሲበዛ ወሬ ይበዛል። የርቀት መነጽር ለሁለት ሰው አንድ ይበቃል። ነጭ ጋቢና ነጠላ ከሩቅ ስለሚታዩ ጠቆር ያለ ጃኬት ልበሱ። ቡትስ ጫማም አትርሱ፤ ጣና ቢልሃርዚያ ስላለበት በባዶ እግር ውኃ ውስጥ አይገባም። የወባ ትንኝ መከላከያ ቅባትም ያዙ።

ከዚያ የአካባቢውን ሰው አስጎብኚ አድርጉ፣ የድካሙንም በደንብ ክፈሉት። ወፎቹ በዚያ ሳምንት የት እንደሚያድሩ ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም። በማሳ ለማለፍም ባለቤቱን ቀድሞ የሚያናግርላችሁ እሱ ነው። ገበሬው ሽንብራውን ለማዳን ክሬኖቹን ሲያባርር ብታዩ አትከራከሩት። የዓመት ቀለቡ ነው።

ዋናው ነገር ያለው አመሻሹ ላይ ነው። ክሬኖች ቀኑን በታጨዱ ማሳዎች ላይ የወደቀ እህል ሲለቅሙ ይውሉና ማታ ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ቆመው ያድራሉ። ቀበሮ ወይም ጅብ ቢመጣ ውኃው ሲንቦጫረቅ ይሰማሉ። ስለዚህ 11 ሰዓት ሳይሞላ ቦታችሁን ይዛችሁ ቁጭ በሉ። ከማደሪያው ብዙ ራቁ፣ ፀሐይዋንም ከጀርባችሁ አድርጉ። ከዚያ በኋላ ማንም አይነሳ። መሽቶ ከማደሪያቸው የተባረሩ ወፎች በጨለማ ሌላ ቦታ ፍለጋ ይንከራተታሉ፤ ለአንድ ፎቶ ሲባል ይህን ማድረግ ግፍ ነው። ድሮንማ ጨርሶ አይታሰብም።

ብዙ ጊዜ ከማየታችሁ በፊት ትሰማላችሁ። ድምፃቸው እንደ መለከት ከሩቅ ይመጣል። በመሃሉ ቀጭን ፉጨት ከሰማችሁ ያ ገና ዓመት ያልሞላው ጫጩት ነው። አካሉ ወላጆቹን ቢያክልም ድምፁ ገና አልጎረነነም። በመነጽር ስታዩት ራሱ ቡናማ ነው። የትልቆቹ አንገት ግን ጥቁር ሆኖ ከዓይናቸው ጀርባ ነጭ መስመር ይወርዳል፤ አናታቸው ላይም ቀይ ምልክት አላቸው። ሁለት ትልልቅና አንድ ወይም ሁለት ቡናማ ራስ አብረው ሲበሩ ካያችሁ ቤተሰብ ነው። እኔ ሁሌም መጀመሪያ የምፈልገው እነሱን ነው።

ሳቢሳ እንዳይመስላችሁ በረራውን እዩ። ሳቢሳ አንገቱን አጥፎ ይበራል፣ ክሬን ዘርግቶ። ወርቃማ ዘውድ ያለው ጥቁር ወፍ ካያችሁ ደግሞ እሱ እዚሁ አገር የሚኖር ሌላ የክሬን ዝርያ ነው። በዓለም ደረጃ ለመጥፋት ከተጋለጡት አንዱ ስለሆነ ጫጩት ይዞ ብታገኙት ፈጥናችሁ ራቁ።

ለቆጠራው ቡድኑን ለሁለት ክፈሉት። አንዱ ከምሥራቅ፣ ሌላው ከምዕራብ የሚገባውን ይቁጠር። መንጋው ሲበዛ አሥሩን በዓይናችሁ ለኩና በአሥር በአሥር ሂዱ። የሚጽፍ ሰው ለብቻው ይኑር። ማታ ካመለጣችሁ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ እዚያው ተገኙ፣ ሲወጡ ትቆጥራላችሁ። ቁጥሩን ከቀኑና ከሰዓቱ ጋር ኢበርድ (eBird) በሚባለው የወፍ መመዝገቢያ ድረ ገጽ ላይ መዝግቡት፤ ለከርሞ የሚመጣ ቡድን ከእናንተ ጋር ያነጻጽራል።