የአርቪ አውሮፕላን የፊት ጎማ፦ አክስሉንና ኩሽኔታውን እንዴት እናሻሽላለን

አርቪ-6ኤ፣ አርቪ-7ኤ፣ አርቪ-8ኤ እና አርቪ-9ኤ ቫንስ ኤርክራፍት የተባለው የአሜሪካ ድርጅት በኪት መልክ ያወጣቸውና ባለቤቱ ራሱ የሚገጣጥማቸው አውሮፕላኖች ናቸው። የፊት ጎማቸው ቀጭን በሆነ አንድ የብረት እግር ጫፍ ላይ ይቀመጣል። መሪ የለውም፤ እንደ ሱፐርማርኬት ጋሪ ጎማ በራሱ ይዞራል፣ አብራሪው አቅጣጫ የሚይዘው በኋላ ጎማዎቹ ፍሬን ነው። ቀላልና ርካሽ አሠራር ነው። ደካማ ጎኑ ያለው አክስሉ፣ ማለትም ጎማው የሚሽከረከርበት ዘንግ ላይ ነው።

በመጀመሪያው አሠራር አንድ ረጅም ቡሎን ጎማውን ከግራና ከቀኝ ከያዘው ሹካ አንዱ ጎን ገብቶ በጎማው መሃል አልፎ በሌላው ጎን ይወጣል። በሹካውና በኩሽኔታው መካከል በግራና በቀኝ አንዳንድ የአልሙኒየም ስፔሰር ቱቦ አለ። ዳዶውን ስታጠብቁ ሹካው ቱቦዎቹን ይገፋል፣ ቱቦዎቹ ደግሞ የኩሽኔታዎቹን የውስጥ ቀለበት ወደ መሃል ይገፋሉ። በሁለቱ ኩሽኔታዎች መካከል ግፊቱን የሚቀበል ነገር ስለሌለ ኃይሉ በሙሉ ሮለሮቹ (ኩሽኔታው ውስጥ የሚሽከረከሩት ትንንሽ ብረቶች) ላይ ያርፋል። አንዱ ዳዶ ሁለት ሥራ ተሰጠው ማለት ነው፦ ሹካውን ማሰርና ኩሽኔታውን ማስተካከል። ሁለቱ ሥራዎች ደግሞ አይስማሙም። ለቡሎኑ የሚገባው ጥብቀት ለኩሽኔታው ይበዛል፣ ለኩሽኔታው የሚመቸው ለቡሎኑ ያንሳል።

ሲጠብቅ ኩሽኔታው ይግላል፣ ጎማውም ይጎተታል። ሲላላ የሚመጣው ችግር ደግሞ ቶሎ አይታይም። የኩሽኔታው ፓራዎሊ (ግራሶ እንዳይወጣ የሚከለክለው የላስቲክ ማሸጊያ) የውስጥ ቀለበቱን ይዞ ያዞረዋል፣ ቀለበቱ ቱቦውን ያዞራል፣ ቱቦው የሹካውን ውስጣዊ ገጽ እየፋቀ ይበላዋል። ሹካው በተበላ ቁጥር ልልነቱ ይብሳል። ጎማውን ስታወጡ በሹካው ላይ ክብ የፈጋ ጭረት ካያችሁ፣ መዞር የሌለበት ነገር ሲዞር ከርሟል።

ጎማው መጎተቱ ከኩሽኔታ ዕድሜ በላይ የሚያሳስብበት ምክንያት አለ። በአክስሉ ላይ ወደ ኋላ የሚስብ ኃይል በጨመረ ቁጥር ቀጭኑ እግር ወደ ኋላ ይታጠፋል። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ የእነዚህን ሞዴሎች የፊት እግር አደጋዎች መርምሯል፤ እግሩ ሲታጠፍ ከሹካው በላይ ያለው ትልቅ ዳዶ መሬት ይነካና ይሰካል፣ አውሮፕላኑም ሊገለበጥ ይችላል። ቫንስ ዳዶውን ከመሬት ከፍ የሚያደርግ አዲስ ሹካና እግር ያወጣው ለዚህ ነው። የእናንተ አውሮፕላን አሁንም አሮጌው ሹካ ካለው ቅድሚያ የሚሰጠው እሱን መቀየር እንጂ አክስሉ አይደለም።

ምን ይቀየራል?

የማሻሻያው ሐሳብ አንድ ነው፦ ሁለቱን ሥራዎች መለያየት። ጎማውን የሚሠራው ማትኮን ጨምሮ የተለያዩ አምራቾች የሚያቀርቡት አክስል ባዶ ቱቦ ሆኖ የኩሽኔታ ማስተካከያ ዳዶው በራሱ ላይ አለ። ረጅሙ ቡሎን በቱቦው ውስጥ አልፎ ሹካውን ከአክስሉ ጋር ብቻ ያስራል፤ የቱንም ያህል ቢጠብቅ ኩሽኔታውን አይነካውም። ቶርኖ ያለው ሰው ሌላ አማራጭ አለው፦ በሁለቱ የውስጥ ቀለበቶች መካከል የሚገባ የብረት ቱቦ ማስቆረጥና ትክክለኛውን ርዝመት በስስ ሺም (መሙያ ቀለበት) መሙላት። ይህኛው ይሠራል፣ ግን የሺም ጨዋታው የሚለካው በ0.025 ሚሊሜትር ነው፤ ትዕግሥት የሌለው ባይጀምረው ይሻላል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች፦ አዲሱ አክስል ከነዳዶው፣ ሁለት ጥንድ ኩሽኔታ የውስጡም የውጩም ቀለበት ያለው (ቁጥሩን ከአሮጌው ላይ አንብቡ)፣ ሁለት ፓራዎሊ ለብቻው የሚመጣ ከሆነ፣ አዲስ ቡሎንና ዳዶ፣ የጎማ ኩሽኔታ ግራሶ፣ ላምባ ወይም ሌላ ማጠቢያ፣ ቶርክ ሬንች (የማጥበቂያውን ኃይል፣ ማለትም ቶርኩን የሚለካ ቁልፍ)፣ ካሊፐር፣ ፊለር ጌጅ (ጠባብ ክፍተት የሚለካ ስስ ብረት)፣ እስከ 20 ኪሎ የሚመዝን ተንጠልጣይ ሚዛን።

አውሮፕላኑን ማንሳትና መፍታት

የኋላ ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም በታኮ ያዙ። ከጭራው ሥር ያለውን ማሰሪያ ቀለበት ከከባድ ነገር ጋር እሰሩ፤ በኮንክሪት የተሞላ ባልዲ ይበቃል፣ አፍንጫው ከመሬት እስኪነሳ ድረስ ካመዘነ። አግድሙን የጭራ ክንፍ ተጭኖ አፍንጫ ማንሳት የተለመደ ነው፣ ግን ቆርቆሮውን ያጎብጣል፤ መጫን ግድ ከሆነ የአውሮፕላኑን ገላ፣ ያውም ከውስጥ የቆርቆሮ ማጠናከሪያ ባለበት መስመር ላይ ተጫኑ። ሥራው እስኪያልቅ ማንም ወደ መቀመጫው አይውጣ።

ፌሪንጉን (የጎማውን ሽፋን) አውጡና ምንም ሳትፈቱ አንድ ነገር ለኩ። ሚዛኑን አክስሉ ላይ አንጠልጥላችሁ ወደ ጎን ሳቡ፣ ሹካው መዞር ሲጀምር የታየውን ቁጥር ጻፉ። ለእነዚህ ሞዴሎች የተሰጠው ልክ 22 ፓውንድ፣ ወደ 10 ኪሎ ገደማ ነው። ይህ ቁጥር በኋላ ያስፈልጋል።

ከዚያ ዳዶውን ፈትታችሁ ቡሎኑን አውጡ። ቡሎኑ በቀላሉ በእጅ መውጣት አለበት፤ እምቢ ብሎ በመዶሻ ከወጣ ታጥፏል፣ ወይም የሹካው ሁለት ቀዳዳዎች ፊት ለፊት አይደሉም። የግራና የቀኝ ቱቦዎችን ምልክት አድርጉባቸው። ኩሽኔታውን ለማየትና ግራሶ ለመሙላት ብቻ የቸርኬውን ሁለት ግማሾች መለያየት አያስፈልግም። ጎማ፣ ካላማዳሪያ ወይም የኩሽኔታውን የውጭ ቀለበት ለመቀየር ስትሉ የምትለያዩ ከሆነ ግን መጀመሪያ የቫልቩን ልብ አውጥታችሁ ነፋሱ ፈጽሞ መውጣቱን አረጋግጡ። ግማሾቹን የያዙት ቡሎኖች ነፋስ እያለ ሲፈቱ ቸርኬው እንደ ፈንጂ ይለያያል፤ ሰው የሞተበት ስህተት ነው።

ኩሽኔታውን ማየትና መቀየር

አሮጌውን ኩሽኔታ በላምባ አጥባችሁ በጨርቅ አድርቁ። በኮምፕረሰር ነፋስ እያሽከረከሩ ማድረቅ ድምፁ ደስ ይላል፣ ግን ግራሶ የሌለው ሮለር በዚያ ፍጥነት ሲዞር ይፋቃል፣ ከመያዣው ወጥቶም ሰው ሊመታ ይችላል። የታጠበውን ወደ ብርሃን አዙራችሁ ተመልከቱ። ወደ ሰማያዊ የሄደ ቀለም ግለቱ በዝቶ እንደነበር ይናገራል። በውጭው ቀለበት ላይ በሮለሮቹ ርቀት ልክ የተደረደሩ ጎድጓዳ ምልክቶች የከባድ ማረፍ ምት ናቸው። ጥቋቁር መስመሮች ካሉ ውኃ ገብቷል፤ አውሮፕላን በውኃ ግፊት የሚያጥብ ሰው የሚያገኘው ዋጋ ይህ ነው።

አንድ ቀለበት ብቻ ተጎድቶ ቢሆንም ሁለቱም፣ የውስጡም የውጩም፣ አብረው ይቀየራሉ። የውጭው ቀለበት በቸርኬው ውስጥ ተጨንቆ የገባ ስለሆነ በብርድ አትደብድቡት። ቸርኬውን ጎማውን ካወለቃችሁ በኋላ የፈላ ውኃ ውስጥ ክተቱት፤ አልሙኒየም ከብረት ይልቅ በሙቀት ስለሚሰፋ ቀለበቱ ይለቃል። አዲሱን ቀለበት ከማታ ጀምሮ ፍሪዘር ውስጥ አሳድሩት፣ ከዚያ በአሮጌው ቀለበት እየገፋችሁ ቀጥ አድርጋችሁ አስገቡት። መጨረሻው ላይ በቀለበቱና በመቀመጫው መካከል 0.04 ሚሊሜትር ፊለር ጌጅ ሞክሩ። በየትኛውም በኩል ከገባ ቀለበቱ ዘሟል፤ እንዲህ ሆኖ ከተገጠመ ዛሬ ያስተካከላችሁት ጥብቀት ከጥቂት ማረፍ በኋላ ይላላል።

ግራሶ ስትሞሉ ከሰፊው ጫፍ ጀምራችሁ፣ በመዳፍ ላይ እየገፋችሁ፣ በሌላው ጫፍ በሮለሮቹ መካከል እስኪወጣ ድረስ ሙሉ። የቸርኬውን መሃል ግን በግራሶ አትሙሉት፣ ስስ ቅብ ይበቃል። ኤሮሼል 22 የሸክላ መሠረት አለው፣ ሞቢል ኤስኤችሲ 100 የሊቲየም፤ ሁለቱ ሲደባለቁ ሊቀጥኑና ሊፈሱ ስለሚችሉ ዓይነት የሚቀይር ሰው አሮጌውን አጥቦ ይጨርስ።

ጥብቀቱን ማስተካከል

ይህ ሥራ ከሹካው ውጭ፣ ጠረጴዛ ላይ ነው የሚያልቀው። ጎማውን በአክስሉ ላይ አስገብታችሁ የማስተካከያ ዳዶውን አጥብቁ፤ ስታጠብቁ ጎማውን በሌላ እጃችሁ አሽከርክሩ፣ ሮለሮቹ ቦታቸውን የሚይዙት እየዞሩ ነው። በግልጽ ሲከብድ አቁሙ፣ ዳዶውን አላሉት፣ ከዚያ እንደገና ቀስ በቀስ አጥብቁ። ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ ስትወዘውዙት ምንም ካልተሰማችሁ፣ ከዚያ በጥቂቱ ብቻ ጨምሩና የዳዶውን መቆለፊያ አጥብቁ።

እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያሳስት ነገር አለ። አዲስ ፓራዎሊ ስለሚይዝ ጎማው እንደ ብስክሌት ጎማ በነፃ አይዞርም፤ በእጅ ሲመታ ትንሽ ዞሮ ይቆማል። ይህን እንደ ጉድለት ቆጥሮ ዳዶውን ማላላት ወደ ድሮው ችግር መመለስ ነው። የፓራዎሊ መያዝ ለስላሳና እኩል ነው፣ የኩሽኔታ መጨናነቅ ግን በጣት ላይ ሸካራ ሆኖ፣ አንዳንዴም ያዝ ለቀቅ እያለ ይሰማል። ልዩነቱን ለማወቅ ፓራዎሊውን ሳታስገቡ አንዴ ሞክሩት።

አሁን የሹካውን ውስጣዊ ስፋትና የአክስሉን ርዝመት በካሊፐር ለኩ። ክፍተት ካለ በስስ ሮንዴላ ሙሉት፤ ሹካውን በቡሎን ጎትቶ ማጥበብ ብየዳውን ያስጨንቃል። ቱቦ የፋቀው የሹካ ገጽ ካለም ዝርግ መሆኑን አረጋግጡ። ቡሎኑ ከዳዶው ውጭ ቢያንስ አንድ ጥርስ ማሳየት አለበት፣ ጥርስ ያለው ክፍሉ ደግሞ በሹካው ቀዳዳ ውስጥ መቀመጥ የለበትም። የፌሪንጉ መያዣ በዚሁ ቡሎን የሚታሰር ከሆነ ርዝመቱን ስትመርጡ እሱንም ቁጠሩ።

የአክስል አምራቹ የሰጠው ቶርክ ካለ እሱን ተከተሉ። ከሌለ በመደበኛው የኤኤን (የአውሮፕላን ቡሎኖች ደረጃ) ሠንጠረዥ ለ3/8 ኢንች፣ በአንድ ኢንች 24 ጥርስ ላለው ቡሎን ከ160 እስከ 190 ኢንች-ፓውንድ፣ ለ5/16 ደግሞ ከ100 እስከ 140 ነው። ናይለን ያለበት ዳዶ ገና ሳይነካ የሚጠይቀውን ኃይል ለክታችሁ በዚያ ላይ ደምሩ።

ቡሎኑ ከጠበቀ በኋላ ጎማውን እንደገና አሽከርክሩ። ስሜቱ ጠረጴዛው ላይ ከነበረው ቅንጣት መለወጥ የለበትም። ከከበደ የቡሎኑ ኃይል በሆነ መንገድ ኩሽኔታው ጋ ደርሷል ማለት ነው፦ ሮንዴላው ከአክስሉ ይልቅ ፓራዎሊውን ይጫናል፣ ወይም አክስሉ ከሹካው ይልቅ አጭር ነው። ዳዶውን በማላላት አትሸፍኑት፤ ፍቱና ምክንያቱን ፈልጉ።

ከዚያ በኋላ

በመጀመሪያ የጻፋችሁትን የሹካ መዞሪያ ኃይል አሁን ለኩ። ከ22 ፓውንድ ካነሰ ከሹካው በላይ ያለውን ዳዶ በማጥበቅ የጎበጡትን የስፕሪንግ ሮንዴላዎች ጫኑ፣ ዳዶው እንዳይፈታ የሚይዘውን አዲስ ኮፒሊያም አስገቡ። ፊት ጎማው መንደርደሪያ ላይ የሚርገበገብ ከሆነ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ቁጥር ነው፣ ቀጥሎ የጎማው ሚዛንና የነፋሱ መጠን። ርግብግቡን ለማፈን ኩሽኔታውን ማጥበቅ ግን በሽታውን ደብቆ ሌላ በሽታ መጨመር ነው።

በአሜሪካ በሙከራ ምድብ በተመዘገበ አውሮፕላን ላይ ባለቤቱ ይህን ሥራ ራሱ መሥራት ይችላል። የተቀየረውን ዕቃ፣ የሰጣችሁትን ቶርክና የመዞሪያ ኃይሉን በመዝገቡ ላይ አስፍሩ፤ ለውጡ እንደ ከባድ ይቆጠር እንደሆነ የሚወስነው የየአውሮፕላኑ የሥራ ገደብ ሰነድ ስለሆነ አንብቡት።

መጀመሪያ አውሮፕላኑን መሬት ላይ በቀስታ ንዱ፣ ወርዳችሁ የቸርኬውን መሃል በእጅ ዳስሱ። ለብ ማለቱ ደህና ነው፣ እጅ የማያስይዝ ከሆነ ጥብቀቱ በዝቷል። ከመጀመሪያዎቹ ከ5 እስከ 10 የበረራ ሰዓታት በኋላ አፍንጫውን ዳግመኛ አንስታችሁ ውዝወዛውንና የመዞሪያ ኃይሉን ፈትሹ፤ አዲስ የገባ ቀለበት በዚህ ጊዜ ውስጥ ትንሽ ሊረጋ ይችላል፣ ማስተካከያው ግን አሁን ከቡሎኑ የተለየ ስለሆነ ዳዶውን በጥቂቱ ማዞር ብቻ ነው የሚጠይቀው።