ከደሴ ጃማይካ፦ ለባልና ሚስት የሚሆን የዕረፍት ጉዞ አሰናዳድ

ጃማይካ ከዳር እስከ ዳር 235 ኪሎ ሜትር ገደማ ትረዝማለች። በካርታ ላይ ትንሽ ስለምትመስል ሞንቴጎ ቤይን፣ ኔግሪልን፣ ኦቾ ሪዮስን፣ ኪንግስተንንና ብሉ ማውንቴንን በአንድ ሳምንት ለማዳረስ ማቀድ ቀላል ነው። መንገዱ ግን ተራራማና ጠመዝማዛ ነው፤ እንዲህ ያቀዱ ጥንዶች ዕረፍታቸውን መኪና ውስጥ ይጨርሱታል። ለማረፍ ከሆነ የምትሄዱት የደሴቲቱን ምዕራብ ብቻ ያዙ። አምስት ሌሊት ኔግሪል፣ ሁለት ሌሊት ፋልመዝ ወይም ሞንቴጎ ቤይ አካባቢ ይበቃል። ኪንግስተንና ተራራው ከዐሥር ቀን በላይ ላላቸው ይቆይ።

መቼ ይሻላል?

የጥር ሙሽሮች ዕድለኞች ናቸው። የጃማይካ ደረቅ ወቅት ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ ስለሆነ ሰርጉ፣ መልሱና ቅልቅሉ ካለቀ በኋላ ቢሄዱ ሰማዩ ጥርት ብሎ ያገኙታል። ችግሩ ዋጋው ነው፤ ከፈረንጆቹ ገና እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ ሆቴል በጣም ይወደዳል። ኪስን ለሚያስብ ከሚያዝያ አጋማሽ በኋላ ያሉት ሁለት ሦስት ሳምንታት ይመረጣሉ። ዋጋው ወርዷል፣ የአውሎ ነፋሱም ወቅት ገና አልገባም። ለኦርቶዶክሶች ደግሞ ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕና ዓርብ ስለማይጾም የምግቡ ነገር ይቀላል።

የአውሎ ነፋስ ወቅት ከግንቦት 24 እስከ ኅዳር 21 ሲሆን ክፉው ጊዜ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ነው። ሜሊሳ የተባለችው አውሎ ነፋስ በጥቅምት 2018 ዓ.ም. የመታችው ይህንኑ የምዕራቡን ክፍል ነው። ስለዚህ ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት ሆቴሉ ሙሉ በሙሉ መከፈቱን፣ መብራትና ውሃ መኖሩን፣ የባሕር ዳርቻው መጸዳቱን በጽሑፍ እንዲያረጋግጥላችሁ ጠይቁ። አሮጌ ፎቶ አይቶ መክፈል ትርፉ ጸጸት ነው።

ወረቀቱ በቅደም ተከተል

እዚህ ላይ ጊዜ ወስደን እንነጋገር፤ ጉዞ የሚበላሸው ባሕሩ ዳር ሳይሆን ጠረጴዛ ላይ ነው። ቢያንስ አራት ወር ቀደም ብላችሁ ጀምሩ።

መጀመሪያ ፓስፖርት። ደሴ የኢሚግሬሽን ቅርንጫፍ ስላለ ለዚህ አዲስ አበባ መውረድ አያስፈልግም። ከምትመለሱበት ቀን በኋላ ቢያንስ ስድስት ወር የሚያገለግል ይሁን። በእጃችሁ ሲገባ የስማችሁን የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ በአንድ አንብቡ፤ የልደት ቀኑም ወደ ጎርጎርዮሳዊው በትክክል መቀየሩን አስሉ።

ቀጥሎ የጋብቻ ምስክር ወረቀት። በእኛ ዘንድ ሚስት የአባቷን ስም ይዛ ስለምትቀጥል የሁለታችሁ ፓስፖርት ላይ የሚታየው የአባት ስም የተለያየ ነው። ቪዛ ስትጠይቁ ወይም አብራችሁ ድንበር ላይ ስትገቡ ይህ ጥያቄ ያስነሳል። የቤተ ክርስቲያን ወይም የኒካ ወረቀት ብቻውን አይበቃም፤ ጋብቻውን በቀበሌው የወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት አስመዝግባችሁ የምስክር ወረቀቱን ውሰዱ። በላዩ ያለው የእንግሊዝኛ ስም ከፓስፖርቱ ጋር በአንድ ፊደል እንኳ አይለያይ። ከዚያ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ታረጋግጡታላችሁ።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ነው፤ የመሸጋገሪያ አገር። ከአዲስ አበባ ቀጥታ ወደ ጃማይካ የሚሄድ በረራ የለም። አሜሪካ ላይ አውሮፕላን ለመቀየር ብቻ እንኳ ቪዛ ያስፈልጋል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ለያዘ በለንደን ወይም በፍራንክፈርት ኤርፖርት ውስጥ ለመቆየትም፣ የሌላ ትልቅ አገር ቪዛ ወይም መኖሪያ ፈቃድ ከሌለው፣ የኤርፖርት መሸጋገሪያ ቪዛ ይጠየቃል። በሰው ዘንድ እምብዛም የማይታሰበው መንገድ በደቡብ አሜሪካ በኩል ያለው ነው፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሳኦ ፓውሎ ይበራል፣ ከዚያ የፓናማው ኮፓ በፓናማ ሲቲ በኩል ሞንቴጎ ቤይና ኪንግስተን ያደርሳል። ረጅም ነው፤ ከአንድ ቀን በላይ ይፈጃል። በየትኛውም በኩል ሂዱ፣ ጉዞው በሙሉ በአንድ ትኬት ላይ ይሁን። በሁለት የተለያየ ትኬት ከተገዛ ሻንጣችሁን ለመውሰድ መሐል ላይ ወደዚያ አገር መግባት ግድ ይላችኋል፤ ያኔ መሸጋገሪያ ሳይሆን የመግቢያ ቪዛ ትጠየቃላችሁ። የመጀመሪያው በረራ ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጣችሁም ኪሳራው የእናንተ ነው።

የጃማይካን መግቢያ በተመለከተ ሕጉ ስለሚለዋወጥ የጓደኛ ወሬ አትያዙ። ለጃማይካ የፓስፖርት፣ የኢሚግሬሽንና የዜግነት ኤጀንሲ በኢሜይል ጻፉና መልሱን አትማችሁ ያዙ። ትኬት የሚገዛው ከዚህ በኋላ ነው። ከመግባታችሁ በፊትም በኢንተርኔት የሚሞላ ሲ5 የሚባል የመግቢያና የጉምሩክ ቅጽ አለ።

አራተኛ፣ የቢጫ ወባ ክትባት። ኢትዮጵያ በሽታው ሊኖርባቸው ይችላል ከሚባሉት አገሮች መካከል ስለሆነች ጃማይካ ቢጫ ካርዱን ትጠይቃለች። ካርዱ የሚጸናው ከተከተባችሁ ከ10 ቀን በኋላ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። በዘጠነኛው ቀን የተነሳ ሰው ካርድ እያለው እንደሌለው ይቆጠራል። ሚስት ነፍሰ ጡር ከሆነች ወይም ልትሆን እንደምትችል ከጠረጠረች ሳትከተብ በፊት ለሐኪም ትንገር፤ ክትባቱ ሕይወት ካለው ከተዳከመ ቫይረስ የሚሠራ ነው።

የውጭ ምንዛሪው የመጨረሻው ነው። ባንኩ ፓስፖርት፣ ቪዛና ትኬት ያያል። ከዶላሩ ጥቂቱ ባለ 1፣ ባለ 5 እና ባለ 10 ይሁን። ጃማይካ ውስጥ ቱሪስት በሚበዛበት ሁሉ የአሜሪካ ዶላር ይቀበላሉ፣ መልሱን ግን በጃማይካ ዶላር በሚመቻቸው ዋጋ ይሰጧችኋል። ለታክሲና ለመንገድ ምግብ የአገሩን ገንዘብ ከባንክ ወይም ከታወቀ መንዛሪ ቤት አውጡ።

መነሻ ቀን

ከደሴ የሚነሳ ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ ኤርፖርት ይሳፈራል፤ በመኪና የሚሄድ ደግሞ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጠብቀዋል። በየትኛውም ቢሆን አዲስ አበባ ላይ አንድ ሌሊት እደሩ።

ትኬት ላይ ያለውን ሰዓት አብራችሁ አንብቡ። «ማክሰኞ 01:30» ማለት ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ተኩል ነው፤ እኛ ሰኞ ሌሊት የምንለው። ማክሰኞ ማታ ሻንጣ ይዞ ቦሌ የሚደርስ ሰው አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ቀን ሊሞላው ነው።

ሻንጣ ውስጥ ቋንጣ፣ ማርና ጥሬ እህል አታስገቡ፤ ጉምሩክ ይወስደዋል። ወታደራዊ ዥንጉርጉር ልብስም በጃማይካ ለሲቪል በሕግ የተከለከለ ነው፣ ሱሪም ይሁን ኮፍያ። መብራቱ 110 ቮልት፣ ሶኬቱም ጠፍጣፋ እግር ያለው የአሜሪካ ዓይነት ስለሆነ መቀየሪያ ያዙ። የስልክ ቻርጀር ላዩ ላይ 100–240 የሚል ከሆነ ይሠራል፤ ከዚህ የተገዛ ካውያና የፀጉር ማድረቂያ ግን አይሞቅም።

ለፀሐይ መከላከያ ቅባት ስሌቱ እንዲህ ነው፦ አንድ ሰው ሙሉ ገላውን ለመቀባት 30 ሚሊ ሊትር ገደማ ይፈልጋል፣ በየሁለት ሰዓቱና ከውሃ በወጣ ቁጥርም ይደገማል። በቀን ሁለት ጊዜ ብቻ ብትቀቡ እንኳ ለሁለት ሰው ለሳምንት 840 ሚሊ ሊትር ስለሚሆን ባለ 200 ሚሊ ሊትር ቢያንስ አምስት ጠርሙስ ያዙ፤ መከላከያ ቁጥሩ ከ30 አይነስ። ጥቁር ቆዳ አይቃጠልም የሚለው ስህተት ነው። ጠርሙሱ ወደ ጭነት ሻንጣ ይግባ፣ በእጅ ሻንጣ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ አያሳልፉም።

ከደረሳችሁ በኋላ

ጃማይካ ከእኛ በ8 ሰዓት ወደ ኋላ ናት። በደሴ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ሲሆን እዚያ እኩለ ቀን ነው፤ ለቤተሰብ ለመደወል ጥሩው ሰዓት ይኸው ነው። በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዓይናችሁ ይፈጣል። አትታገሉት። ቀን አትተኙ፣ እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት ቆዩ፤ ማለዳ የነቃችሁበትን ጊዜ ደግሞ ባሕር ዳር ለመራመድ ተጠቀሙበት። በዚያ ሰዓት ውሃው የረጋ፣ አሸዋው ቀዝቃዛ፣ ሰውም ጥቂት ነው። ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ለኖረ የደሴ ሰው ወበቁ ይከብዳል፤ ከአራት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጥላ ውስጥ ሁኑ፣ ውሃም ሳይጠማችሁ ጠጡ።

ከሞንቴጎ ቤይ ኤርፖርት ኔግሪል በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ነው። ሆቴሉ መኪና ይላክላችሁ፣ ወይም ቀይ ሰሌዳ ያለው ፈቃድ ያለው ታክሲ ያዙ፤ ዋጋውን በየትኛው ዶላር እንደሆነ ጭምር ሳትገቡ ተስማሙ። በከተሞች መካከል ናትስፎርድ ኤክስፕረስ የሚባል ምቹ አውቶቡስ አለ። መኪና የሚነዳው በግራ በኩል ስለሆነ መንገድ ስታቋርጡ መጀመሪያ ወደ ቀኝ እዩ።

የኔግሪል ዳርቻ ፊቱን ወደ ምዕራብ ያዞረ በመሆኑ ፀሐይ የምትጠልቀው ባሕሩ ላይ ነው። ውሃው የረጋና ለጀማሪ የሚስማማ ነው። ቢሆንም ሐይቅ ዳር አድጎ መዋኘት የሚችል ሰው እንኳ ባሕር ሌላ መሆኑን ይወቅ፤ ማዕበልና ውስጥ ለውስጥ የሚጎትት ጅረት አለው። መዋኘት የማይችል ከደረቱ በላይ አይግባ። ወደ ውስጥ የሚወስድ ጅረት ከያዛችሁ ወደ ዳር ፊት ለፊት አትታገሉ፤ ከዳርቻው ጋር ትይዩ ወደ ጎን ዋኙና ከጅረቱ ስትወጡ ተመለሱ። በኔግሪል ደቡብ ካሉት ገደሎች ወጣቶች ሲዘሉ ታያላችሁ፤ ማየቱ ይበቃል።

ወደ ፋልመዝ በሄዳችሁበት ቀን ሁለት ነገር በአንድ ላይ ይሠራል። ከሰዓት በኋላ በማርታ ብሬ ወንዝ ላይ የቀርከሃ ታንኳ አለ፤ ርዝመቱ 9 ሜትር ገደማ፣ ሁለት ሰው ብቻ የሚጭን፣ ቀዛፊው በረጅም እንጨት እየገፋ 5 ኪሎ ሜትር ያህል በአንድ ሰዓት ገደማ የሚያወርዳችሁ። ለጥንዶች ከዚህ የተሻለ ዕረፍት ደሴቲቱ ላይ የለም ብንል አልተጋነነም። ሲመሽ ወንዙ ባሕር በሚገባበት ሐይቅ መሰል ውሃ ላይ በጀልባ ውጡ። በውሃው ውስጥ ያሉ ረቂቅ ሕዋሳት ሲነኩ ሰማያዊ ብርሃን ይፈነጥቃሉ። የሚያምረው ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት ነው፤ በሂጅራ አቆጣጠር የወሩን መጨረሻና መባቻ ብትመርጡ አትሳሳቱም። ስልክ ብርሃኑን በደንብ ስለማይዘው በዓይናችሁ እዩት።

ኦቾ ሪዮስ አጠገብ ወዳለው የደንስ ሪቨር ፏፏቴ መሄድ ካማራችሁ የማያንሸራትት የውሃ ጫማ ያስፈልጋል፤ 180 ሜትር ያህል በድንጋይ ላይ እየወጡ ነው። ትልልቅ የቱሪስት መርከቦች ወደብ ላይ በሚቆሙበት ቀን ሰው ስለሚጨናነቅ መርከብ የሌለበትን ቀን ሆቴሉን ጠይቁ።

መብልና ሰው

ለጾመኛ ጃማይካ ትመቻለች። ራስታዎች አይታል የሚሉት ምግብ ሥጋም ወተትም የለውም፤ በኮኮናት ወተት የሚሠራ አትክልትና ባቄላ ነው። ካላሉ የሚባለው ቅጠል ጎመናችንን ይመስላል፣ ግን ብዙ ጊዜ ከደረቅ ዓሣ ጋር ስለሚቀርብ ለብቻው እዘዙ። ሩዙንም በዶሮ መረቅ አለመቀቀሉን ጠይቁ። ለሙስሊም ጥንዶች ጥንቃቄው ጀርክ በሚባለው በቅመም የተዘፈዘፈ ጥብስ ላይ ነው፤ ዶሮውና አሳማው በአንድ ፍም ላይ ይጠበሳሉ። ኬኩም ሮም የሚባል አልኮል ሊገባበት ይችላል። አኪ የተባለውን ፍሬ ምግብ ቤት ውስጥ ተሠርቶ ብሉት እንጂ ከዛፍ አትቅጠፉ፤ በራሱ ሳይከፈት የተለቀመው መርዛማ ነው።

ቀን ላይ የምትነክስ ትንኝ የደንጊ ትኩሳት ታስተላልፋለች፤ በ2016 ዓ.ም. መባቻ ጃማይካ የደንጊ ወረርሽኝ አውጃ ነበር። የትንኝ መከላከያው ቅባት ከፀሐይ ቅባቱ ቀጥሎ በላዩ ይቀባል። ትኩሳት ከያዛችሁ ፓራሲታሞል ውሰዱ፤ አስፕሪን ደም መፍሰስን ያባብሳል። ዚካ የተባለው በሽታም በዚያችው ትንኝ ስለሚተላለፍ ልጅ ለመውለድ ያሰባችሁ ከጉዞው በፊት ሐኪም አማክሩ።

ከኢትዮጵያ መምጣታችሁ ሲሰማ ፊት ሁሉ ይበራል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ኪንግስተን የገቡበትን ቀን ራስታዎች በየዓመቱ ያከብራሉ። ስለ ጃንሆይ ስትጠየቁ በአክብሮት መልሱ፤ እምነታቸው ነውና ክርክር አትክፈቱ፣ ፎቶም ሳታስፈቅዱ አታንሱ። ጋንጃ ቢያቀርቡላችሁ በጨዋ ቋንቋ እምቢ በሉ። ከ2015 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ወዲህ ጥቂት መያዝ በገንዘብ ቅጣት ብቻ ቢታለፍም ኤርፖርት ላይ መገኘቱ ያሳስራል፤ አገራችንም ክልክል ነው።

ስትመለሱ ከኔግሪል በረራው ሊነሳ ስድስት ሰዓት ሲቀረው ውጡ። ቡና የምትገዙ ከሆነ ከረጢቱ ላይ መቶ በመቶ ብሉ ማውንቴን የሚል መሆኑን እዩ፤ «ቅልቅል» የተባለው ውስጡ ያለው የተራራው ቡና ትንሽ ነው። የኮምቦልቻውን በረራ ቦሌ በደረሳችሁበት ቀን ሳይሆን በማግስቱ ያዙት።