በአዲስ አበባ የስደተኞችን ኬዝ የሚያበላሹ ስህተቶች

በአዲስ አበባ የሚኖር ስደተኛ ወደ ሦስተኛ አገር እስኪሄድ ብዙ በር ያንኳኳል። ምዝገባ አለ፤ ከዚያ የዩኤንኤችሲአር (የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ድርጅት) ቃለ መጠይቅ፣ ለተቀባዩ አገር የሚላክ ፋይል፣ የዚያ አገር መኮንን የሚያደርገው ሌላ ኢንተርቪው፣ የጸጥታ ማጣሪያ፣ የጤና ምርመራ፣ በመጨረሻም ጉዞ። በየበሩ ሌላ ሰው ያንኑ ጥያቄ ይጠይቃል፣ መልሱንም ከመጀመሪያው ወረቀት ጋር ያመሳክራል። መጀመሪያ ቀን ተጣድፎ የተጻፈ አንድ ዓመት ወይም የተዘለለ አንድ ልጅ ከዓመታት በኋላ ቤተሰቡን ሙሉ ያስቀራል። ከዚህ በታች ያሉት በኬዝ ሠራተኞች፣ በተርጓሚዎችና ፎርም በሚሞሉ ሰዎች እጅ ደጋግመው የሚታዩ ስህተቶች ናቸው።

1. በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተነገረ ዓመት ላይ ሁልጊዜ 8 መደመር

ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ለተወለደ ሰው የሚደመረው 7 ነው። ከታኅሣሥ 23 ጀምሮ እስከ ጳጉሜን ግን 8 ይደመራል። (ጳጉሜን 6 ከነበረችበት ዓመት ቀጥሎ ባለው ዓመት መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ላይ ስለሚውል ይህ ድንበር በአንድ ቀን ይቀደማል።)

ስህተቱ ምን እንደሚያስከትል በአንድ ቤተሰብ እንመልከት። የመጀመሪያው ልጅ ኅዳር 5 ቀን 2000 ዓ.ም. ተወለደ፤ በፈረንጅ ኖቬምበር 15 ቀን 2007 ነው። ታናሹ ሚያዝያ 2001 ተወለደ፤ ይህም አፕሪል 2009 ነው። በመካከላቸው 17 ወር አለ። ፎርም ሞይው ለሁለቱም 8 ከደመረ ግን ታላቁ ኖቬምበር 2008 የተወለደ ሆኖ ይቀመጣል፣ በወንድማማቾቹ መካከልም 5 ወር ብቻ ይቀራል። መኮንኑ ከዚህ የሚረዳው ከሁለቱ አንዱ የእናትየዋ ልጅ አለመሆኑን ነው። እናትየዋ ደግሞ እውነቱን ተናግራ ሳለ እንደዋሸች ሰው ትመረመራለች። ዕድሜ በወላጅ ፋይል ላይ እንደ ጥገኛ ልጅ ለመቆጠርም ወሳኝ ነው፦ አሜሪካ እንደ ጥገኛ የምትቀበለው ከ21 ዓመት በታች ያለ ያላገባ ልጅ ሲሆን፣ በካናዳ ወሰኑ ከ22 በታች ነው።

ስለዚህ የተነገረውን ቀን እንደተነገረ ጻፉት፣ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አጠገቡ አስፍሩ፣ ከዚያ ለውጡት። ከኤርትራ የመጡ ሰዎች ሁለቱንም አቆጣጠር ስለሚጠቀሙ “በግእዝ ነው በፈረንጅ?” ሳይባል መታለፍ የለበትም። ቀኑን የማያውቅ ሰው ሲመጣ ብዙ መዝጋቢ ጃንዋሪ 1 ብሎ ይሞላል። አምስት ሰው ያለበት ቤት ሁሉም ጃንዋሪ 1 ሲወለድ ዓይን ይስባልና፣ ቀኑ በግምት መሞላቱ በማስታወሻ ይገለጽ።

የሰዓት ጉዳይም አብሮ ይነሳ። “3 ሰዓት” የሚል የቀጠሮ ወረቀት ከየመን ወይም ከሱዳን ለመጣ ሰው ከቀትር በኋላ ወይም ሌሊት ማለት ነው። “ጠዋት 3 ሰዓት፣ በፈረንጅ 9:00” ተብሎ ይጻፍ።

2. “ስንት ልጆች አሉሽ?” ብሎ ማለፍ

ይህ ከሁሉም በላይ ሰው የሚጎዳ ስህተት ነው። “ስንት ልጆች አሉሽ?” ስትባል ብዙ እናት አብረዋት ያሉትን ቆጥራ ትመልሳለች። እናቷ ዘንድ የቀረው፣ ከትዳር በፊት የተወለደችው፣ የቀድሞ ባል የወሰደው፣ በሱዳን መንገድ የጠፋው፣ ሁሉም ይቀራል። አንዳንዷ ባል አጠገቧ ስላለ ዝም ትላለች። አንዳንዷም “ልጅ ከበዛ ኬዝ ይዘገያል” ተብላ ተመክራለች።

በካናዳ ሕግ አመልካቹ ሲገባ ያልተገለጸና ያልተመረመረ ልጅ ወይም የትዳር ጓደኛ በኋላ በቤተሰብ ስፖንሰርነት እንዳይመጣ ይታገዳል። ልዩ ማስተካከያዎች ቢወጡም በእነሱ ላይ መተማመን አይገባም። ተገልጾ የቀረ የቤተሰብ አባል ግን አመልካቹ ካናዳ ከገባ በ1 ዓመት ውስጥ ሊጠየቅለት ይችላል። በአሜሪካ ደግሞ ስደተኛ ሆኖ የገባ ሰው ለትዳር ጓደኛውና ለልጆቹ የሚያመለክትበት ጊዜ 2 ዓመት ነው። በፋይሉ ላይ ስሙ የሌለ ልጅ ሲመጣ የሚነሳው የመጀመሪያ ጥያቄ “ያን ጊዜ ለምን አልተናገርሽም?” ነው።

ጥያቄውን ከፋፍላችሁ፣ እናትየዋን ለብቻዋ አድርጋችሁ ጠይቁ፦ በጠቅላላ ስንት ጊዜ ወለድሽ? በሕይወት ያሉት ስንት ናቸው? አብሮሽ የማይኖረው ማን ነው፣ ማን ዘንድ ነው? ሳትወልጂው የምታሳድጊው አለ? ለባልም ያው ነው፤ ሌላ ቦታ የተወለደ ልጅ እንዳለው ለብቻው ይጠየቅ። ቤት ውስጥ የምታሳድጓት የእህት ልጅ “ልጄ” ተብላ ከተጻፈች በዲ.ኤን.ኤ. ምርመራ ጊዜ ቤተሰቡ ሁሉ ይጠረጠራል። “ያሳደግኳት የእህቴ ልጅ” ተብሎ ከተጻፈ ግን የራሱ መንገድ አለው። ወላጅ አብሮት ለሌለ ልጅ ፋይሉ ከመላኩ በፊት የሚጠቅመው ነገር በሥርዓቱ ተመዝኖ መወሰን አለበት።

3. ቤተሰብን ወይም ጎረቤትን በተርጓሚነት ማስቀመጥ

ባል ለሚስት፣ ልጅ ለእናት አይተርጉም። የተደፈረች ሴት በልጇ አፍ ያንን አትናገርም። ተርጓሚው የሠፈር ሰው ከሆነ ደግሞ ቦሌ ሚካኤል ወይም ጎፋ መብራት ኃይል ወሬው ከእሷ ቀድሞ ይደርሳል።

ሙያተኛ ተርጓሚም ቢሆን የሚሳሳትባቸው ቃላት አሉ። ኤርትራዊ “አገልግሎት ላይ ነበርኩ” ሲል የሚናገረው ስለ ብሔራዊ አገልግሎት ነው፤ በአዋጅ 18 ወር የተባለውና ማብቂያ ስላጣው ግዳጅ። ተርጓሚው “ሥራ ነበረኝ” ብሎ ካሻገረው የስደቱ ምክንያት ከፋይሉ ወጣ ማለት ነው። ስዋሂሊ ተናጋሪ ኮንጎዋዊ “ባባ ምዶጎ” የሚለው የአባቱን ታናሽ ወንድም ነው። ይህ “አባቴ” ተብሎ ሲተረጎም አንድ ሰው ሁለት አባት ያለው ይሆናል። ተርጓሚው በአንደኛ መደብ ይናገር፣ ያልገባውን ይጠይቅ፣ የዝምድና ቃል ሲያጋጥም “በአባት ነው በእናት?” ይባል።

4. ስምን በየወረቀቱ በሌላ ፊደል መጻፍ

“ገብረመድኅን” አንዱ ወረቀት ላይ አንድ ቃል፣ ሌላው ላይ ሁለት ሆኖ ይገኛል፤ ሁለት ሲሆን “መድኅን” የአባት ስም ይመስላል። መጀመሪያ የተመዘገበውን የላቲን አጻጻፍ ተከተሉ፤ ስህተት ከሆነ በይፋ አስታርሙ እንጂ በራሳችሁ አዲስ አትፍጠሩ። የኮንጎ ቤተሰብ ወንድማማቾች የጋራ የቤተሰብ ስም ላይኖራቸው እንደሚችልም በማስታወሻ ጻፉ።

5. “ሰነዱን ከኤምባሲያችሁ አምጡ” ማለት

ከመንግሥቱ የሸሸ ሰው ወደዚያው መንግሥት ኤምባሲ አይላክም። እሱ ባይነካ እንኳ አገር ቤት የቀሩት ወላጆቹ ይጠየቃሉ። የልደት ወይም የጋብቻ ወረቀት ከሌለ በቃለ መሐላ፣ በምስክር፣ በቤተ ክርስቲያን ወይም በመስጊድ ወረቀትና በክትባት ካርድ ይታገዝ። ስልክ ስትደውሉም ለአከራይ ወይም ለአሠሪ የመሥሪያ ቤታችሁን ስም አትንገሩ።

6. ከኢንተርቪው በኋላ የመጣ ለውጥን መደበቅ

ጋብቻ፣ ፍቺ፣ እርግዝና፣ ልደት፣ ሞት በዚያው ሳምንት ይነገር። አዲስ የተወለደ ሕፃን ምዝገባ፣ ፋይል ላይ መግባትና የጤና ምርመራ ያስፈልገዋል። የሌሎቹ የጤና ምርመራም ዕድሜ አለው፤ የካናዳው ለ12 ወር ነው የሚጸናው። ሕፃኑ በበረራው ሳምንት ሲነገር የቤተሰቡ ወረቀት አንድ በአንድ ጊዜው ያልፋል።

7. “አለቀ፣ ትሄዳላችሁ” ማለት

ይህን ቃል የሰማ ሰው ልጆቹን ከትምህርት ቤት ያስወጣል፣ ሥራውን ይለቃል፣ ፍሪጅና አልጋውን ይሸጣል። በጃንዋሪ 2025 አሜሪካ የስደተኞች ቅበላዋን ስታቆም ትኬት የተቆረጠላቸው ሰዎች ሳይቀሩ በረራቸው ተሰርዟል። ቅበላ የተቀባዩ አገር ፈቃድ እንጂ የስደተኛው መብት አይደለም፤ ይህ በግልጽ ይነገር። በአዋጅ 1110/2011 የታወቀው የመሥራት መብትም ከዚሁ ጋር ይነሳ፤ እስኪሄድ ድረስ የሚኖረው እዚህ ነውና። ለየደረጃው “ቀጣዩ ይህ ነው፣ መቼ እንደሆነ አይታወቅም፣ እስከዚያ ቤታችሁን አትልቀቁ” በሉ።

የኬዙ አገልግሎት በየትኛውም ደረጃ ነፃ ነው። ይህንን በመጀመሪያው ቀን፣ በራሳቸው ቋንቋ ንገሯቸው፤ ካልነገራችኋቸው ክፍተቱን ደላላ ይሞላዋል፣ የከፈለ ሰው ደግሞ መጠየቅን ስለሚፈራ መዘረፉ የሚታወቀው ገንዘቡ ካለቀ በኋላ ነው።