ማሽኑ ዲስኩን አላነብ ሲለኝ

የእንጨት መቅረጫው ሲኤንሲ (በኮምፒውተር የሚመራ) ማሽን የበሩን ዲዛይን አላነብ ብሎ ግማሽ ቀን አቆመኝ። የዋንዛው ጣውላ ጠረጴዛው ላይ ታስሯል፤ የእጅ መቆጣጠሪያው ስክሪን ግን ባዶ ነው። ኬብል ቀየርኩ፣ አጥፍቼ አበራሁ። ወይ ፍንክች!

ለካ ችግሩ የዲስኩ ፎርማት፣ ማለትም ፋይሎች የሚደራጁበት ዘዴ ነው። የሰካሁት የቤቴን ኮምፒውተር ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) የማስቀምጥበትን ዲስክ ነበር፤ እሱ ኤንቲኤፍኤስ የሚባለው የዊንዶውስ ፎርማት ነው። የእኛ መቆጣጠሪያ የሚያነበው ፋት32 የሚባለውን የቆየ ፎርማት ብቻ ነው። ዲስኩን በፋት32 ፎርማት ላደርገው (ይህ ያለበትን ሁሉ ያጠፋል) እጄ ማውሱ ላይ ደርሶ ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተውኩት! የልጆቼ ፎቶ ሁሉ እዚያ ነው ያለው። ደግሞም ፋት32 ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል ስለማይቀበል ለባክአፕ አይመችም።

አንድ ባለ 8 ጊጋባይት ፍላሽ በፋት32 ፎርማት አደረግኩና የጂ-ኮዱን (ለማሽኑ የመቅረጽ ትእዛዝ የያዘውን) ፋይል ብቻ ገለበጥኩበት። ወዲያው አነበበው። ፍላሹ አሁን ማሽኑ ጎን ተንጠልጥሏል፤ ዲስኩ ከቤት አይወጣም።