የግዮንግቦክጉንግን ቤተ መንግሥት እንዴት መጎብኘት ይቻላል

በደቡብ ኮሪያ ዋና ከተማ በሴኡል፣ ከፎቆቹና ከሰፋፊዎቹ አውራ ጎዳናዎች አጠገብ የሚገኘውን ይህን ቤተ መንግሥት ያሠራው የጆሶን ሥርወ መንግሥት መሥራች ንጉሥ ቴጆ ነው፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1395 ነበር። ብዙ ጎብኚ የዙፋኑን አዳራሽ ፎቶግራፍ አንሥቶ ይመለሳል። የግቢው ታሪክ የሚገለጠው ግን ከደቡብ ወደ ሰሜን፣ ማለትም ከአደባባይ ወደ ጓዳ፣ በዝግታ ለሚራመድ ሰው ስለሆነ ቢያንስ ሦስት ሰዓት ይመድቡ።

በመጀመሪያ ቀኑን ይምረጡ፤ ማክሰኞ ግቢው ዝግ ነው። በሩ የሚከፈተው በአገሬው አቆጣጠር በ9፡00፣ በእኛ ደግሞ ከጠዋቱ በ3 ሰዓት ሲሆን የዘበኞች ቅያሪ ሥነ ሥርዓት በእኛ አቆጣጠር በ4 እና በ8 ሰዓት ይካሄዳል። የአዋቂ መግቢያ ለረጅም ጊዜ 3,000 ዎን ሆኖ የቆየ ነው፤ ሃንቦክ የተባለውን ባህላዊ ልብስ ለብሶ የመጣ ሰው ግን ሳይከፍል ይገባል፤ ልብሱም በአካባቢው ይከራያል።

በሜትሮ የሚመጡ ከሆነ በ3ኛው መስመር ግዮንግቦክጉንግ ጣቢያ ወርደው በ5ኛው መውጫ ይውጡ። መውጫው ግቢው ውስጥ ስለሚያደርስ ቀጥታ ከመግባት ይልቅ ዞረው በዋናው በር በጓንግህዋሙን ፊት ለፊት ይቁሙ፤ ከበሩ በስተጀርባ የቡጋክ ተራራ ይታያል። የጃፓን ቅኝ ገዥዎች በበሩና በዙፋኑ አዳራሽ መካከል እ.ኤ.አ. በ1926 ያስመረቁት ግዙፍ መሥሪያ ቤት ይህንን እይታ ጋርዶት ነበር። ኮሪያውያን ሕንፃውን ከ1995 ጀምሮ አፈረሱት፤ በሩንም በ2010 በቀድሞ ስፍራው በእንጨት መልሰው አቆሙት።

ቀጥሎ ወደ ዙፋኑ አዳራሽ፣ ወደ ግንጆንግጆን ያምሩ። ደረጃውን ከመውጣትዎ በፊት አደባባዩን ይመልከቱ፦ የሹማምንቱን ማዕረግ የሚያመለክቱ ድንጋዮች በሁለት ረድፍ ተተክለዋል፤ ሲቪሎቹ በምሥራቅ፣ የጦር አለቆቹ በምዕራብ ይቆሙ ነበር። በወለሉ ላይ ያሉት የብረት ቀለበቶችም የድንኳን ገመድ ማሰሪያ ነበሩ። ወደ ውስጥ መግባት ስለማይፈቀድ ዙፋኑንና ከኋላው ያለውን የፀሐይ፣ የጨረቃና የአምስት ተራሮች ሥዕል ከደጃፉ ያያሉ።

ከዚያ በስተምዕራብ በኩሬ ላይ የቆመውን የግብዣ አዳራሽ ግዮንግሆሩን ይጎብኙ። ከ48ቱ የድንጋይ ምሰሶዎች የውጭዎቹ አራት ማዕዘን፣ የውስጦቹ ክብ ናቸው። ግቢው በ1592 በጃፓን ወረራ ጊዜ ከነደደ በኋላ ከ270 ዓመታት በላይ ፍርስራሽ ሆኖ ቆይቶ ዳግም የተሠራው በ1867 መሆኑን ልብ ይበሉ።

በንጉሡና በንግሥቲቱ ማደሪያዎች ጎንበስ ብለው ከወለሉ በታች ያሉትን ምድጃዎች ይፈልጉ። ሙቀቱ በወለሉ ሥር ያልፋል፤ ጭሱም ከንግሥቲቱ ማደሪያ ጀርባ በአበባ እርከኖች መካከል በቆሙት፣ ጌጥ በተቀረጸባቸው የሸክላ ጡብ ጭስ ማውጫዎች ይወጣል። እነዚህን ሳያዩ አይለፉ፤ በእኔ ግምት ከግቢው ሥራዎች ሁሉ ያማሩት እነርሱ ናቸው።

በመጨረሻ በስተሰሜን ጫፍ ወደሚገኘው ንጉሣዊ መኖሪያ፣ ወደ ጎንቾንግጉንግ ይሂዱ። በ1887 በኮሪያ የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ መብራት የበራው በዚሁ ስፍራ ሲሆን፣ ንግሥት ሚዮንግሶንግ በጃፓናውያን እጅ የተገደሉትም በዚሁ፣ በ1895 ነው። ባለቤታቸው ንጉሥ ጎጆንግ በተከታዩ ዓመት ወደ ሩሲያ ሌጋሲዮን (የዲፕሎማቶች መሥሪያ ቤት) ሸሽተው ቤተ መንግሥቱን ለቀቁ። በዚህ ስፍራ ድምፅዎን ዝቅ አድርገው ጥቂት ይቆዩ፤ ሲወጡም ከኋላ ባለው በሲንሙሙን በር ይውጡ።