የድሮ ጎልፍ ሜዳ ከመነካቱ በፊት እንዴት ይነበባል?

የሦስተኛውን ግሪን ቀኝ ጥግ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ማንም አላዘዘኝም። የሣር ማጨጃውን ስነዳ፣ ከጠርዙ ውጭ ያለውን ረጅም ሣር እንዳልላጨው እየፈራሁ ወደ ውስጥ ጠጋ እል ነበር። በወር አንድ ጣት ቢሆን ነው። በዓይን አይታይም። ግን እዚያ ሜዳ ላይ 19 ዓመት ሠርቻለሁ። አንድ ቀን በሜትር ስለካው ጥጉ 4 ሜትር ወደ ውስጥ ገብቷል። ድሮ ባንዲራ ይተከልበት የነበረው ቦታ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ሣር ሆኗል።

ሜዳው ያለው አዲስ አበባ ጫፍ ላይ ነው፣ የወጨጫ ተራራ ፊት ለፊት በሚታይበት በኩል። ባለ 9 ሆል ነው። በጃንሆይ ዘመን እንደተሠራ ይነገራል። ዙሪያው የጤፍ ማሳ ነበር፤ አሁን ኮንዶሚኒየም ነው። ይህን የምጽፈው እንደኔ የድሮ ሜዳ በእጃቸው ላለ ልጆች ነው። አንድ ሰው መጥቶ “እናድሰው” ሲል ደስ ይላል። ግን መጀመሪያ ምን እንደነበር ማወቅ አለባችሁ። ካልሆነ የምታድሱት የአባቶቻችሁን ሜዳ ሳይሆን የእኔን ስህተት ነው።

ለጨዋታው አዲስ ለሆነ ሰው፦ ግሪን ማለት ጉድጓዱና ባንዲራው ያሉበት፣ በጣም አጥሮ የሚቆረጠው ሣር ነው። ፌርዌይ ወደዚያ የሚወስደው ሰፊው መንገድ ነው። ባንከር የአሸዋ ጉድጓድ ነው። ቲ የመጀመሪያው ምት የሚመታበት መደብ ነው። ከቲው እስከ ጉድጓዱ ያለው አንድ ላይ ሆል ይባላል።

ብዙ ሰው የጎልፍ ሜዳ የሚለወጠው አንድ አርክቴክት ወረቀት ይዞ ሲመጣ ይመስለዋል። እንደዚያም ይሆናል። አሜሪካ ያለው ኦገስታ ናሽናል በ1933 እ.ኤ.አ. ሲከፈት የነበረው 16ኛ ሆል ዛሬ የለም። በ1947 ሮበርት ትሬንት ጆንስ የሚባል አርክቴክት አፍርሶ በኩሬ ዙሪያ እንደገና ሠርቶታል። ስኮትላንድ ያለው የሴንት አንድሩስ የድሮው ሜዳ ደግሞ 22 ሆል ነበረው። በ1764 አንዳንዶቹን አዋህደው 18 አደረጉት። የዛሬው 18 የመጣው ከዚያ ነው። እንዲህ ዓይነቱ ለውጥ ቀን አለው፣ ፈራሚ አለው፣ መዝገብ ላይ ይገኛል። አስቸጋሪው ፈራሚ የሌለው ነው። ማጨጃ፣ ዛፍ፣ አሸዋ፣ ውኃ። ይህ ጽሑፍ ስለ እነሱ ነው።

ከሰው ጀምሩ

መሬት ከመቆፈራችሁ በፊት የድሮ ካዲዎችን፣ የተጫዋች ቦርሳ ይሸከሙ የነበሩትን፣ ፈልጉ። ብዙዎቹ አርጅተዋል፤ ቆይቶ ሊያልፍባችሁ ይችላል። ስትጠይቁ “ሜዳው ድሮ ምን ይመስል ነበር?” አትበሉ። “አረንጓዴ ነበር” ይሏችኋል። እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ “ጋሼ፣ ኳስ ሲጠፋ የት ቆመው ይፈልጉ ነበር?” ካዲ ኳስ የጠፋበትን ቦታ አይረሳም። እንጀራው ነበርና።

እኔ ያናገርኳቸው ጋሼ ከልጅነታቸው ጀምሮ እዚያ ቦርሳ ተሸክመዋል። አምስተኛው ሆል ላይ ይዣቸው ሄድኩ። ከዘራቸውን ተክለው ዙሪያውን አዩ። “ልጄ፣ እዚህ ጋ ቆሜ የወፍጮ ቤቱን ጣራ አይ ነበር። ‘ወፍጮውን ይምቱ’ እንላቸው ነበር” አሉኝ። እኛ ሁላችን ያንን ሆል “ወፍጮ” ነው የምንለው። ለምን እንደሆነ የሚያውቅ ግን አልነበረም። ወፍጮ ቤቱ ፈርሷል፣ በዚያ አቅጣጫ የባሕር ዛፍ ግድግዳ ቆሟል። ለካ የድሮው ፌርዌይ አሁን ካለው 20 እርምጃ ያህል ወደ ግራ ነበር። ቅጽል ስሞችን አትናቁ። ሁሉንም ጻፏቸው፣ ስሙ የሚያመለክተው ነገር አሁን የት እንዳለ ፈልጉ።

ቀጥሎ ፎቶ። ሰው ፊት ሆኖ የተነሳው ሁሉ ይጠቅማል፤ የሠርግ፣ የዋንጫ ሽልማት፣ የሠራተኛ ፎቶ። ሰውየውን ሳይሆን ከኋላው ያለውን እዩ። ከአየር የተነሳ የድሮ ፎቶ ካገኛችሁ ደግሞ ወርቅ ነው። የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩትን መጠየቅ ይቻላል፤ የድሮው የካርታ ሥራዎች ድርጅት ሥራ አሁን እነሱ ጋ ነው። ላለፉት 20 ዓመታት ገደማ ላለው ለውጥ ጉግል ኧርዝ ላይ ወደ ኋላ መመለስ ይበቃል። በነገራችን ላይ አሜሪካ ውስጥ ዶናልድ ሮስ የሠራውን ፓይንኸርስት ቁጥር 2 የሚባል ሜዳ ወደ ድሮ መልኩ ሲመልሱት፣ አርክቴክቶቹ ቢል ኩርና ቤን ክሬንሾው የተጠቀሙት በ1943 ከአየር የተነሳ ፎቶ ነው። ሌላው መሪያቸው መሬት ውስጥ የተቀበረው የድሮው የመስኖ ቧንቧ ነበር። ቧንቧው በፌርዌዩ መሐል ስለሚያልፍ የድሮው መሐል የት እንደነበር ይናገራል። የእናንተም ሜዳ የድሮ ቧንቧ ካለው አታውጡት፤ መጀመሪያ መሥመሩን ካርታ ላይ አስፍሩ።

ፌሮ፣ ሲባጎ፣ ችካል

አሁን ወደ ግሪኑ። ዕቃው ቀላል ነው። አንድ ሜትር የሚሆን ቀጭን ፌሮ፣ ባለ 8 ይበቃል። ጫፉን አሹሉት፣ በላይ በኩል እጀታ እንዲሆን እጠፉት። ሲባጎ፣ 40 የሚሆኑ ችካሎች፣ ሜትር፣ ግንበኞች የሚጠቀሙበት የውኃ ልክ ቱቦ።

ጊዜው የካቲት ቢሆን ጥሩ ነው። የእኛ መሬት ጥቁር ኮትቻ ነው። በበጋ ድንጋይ ይሆናል፣ ይሰነጠቃል። የግሪኑ አፈር ግን ለዓመታት አሸዋ ስለተበተነበት ልል ነው። ልዩነቱ የሚሰማው ያኔ ነው። በክረምት ሁሉም ጭቃ ስለሆነ ፌሮው ምንም አይነግራችሁም።

ከግሪኑ መሐል ጀምሩ። ፌሮውን በእጃችሁ ክብደት ብቻ ግፉ፤ መዶሻ አያስፈልግም። አንድ ክንድ ያህል ይገባል። አንድ እርምጃ ወደ ውጭ ሂዱና እንደገና ግፉ። አሁን የሚቆረጠውን ጠርዝ አልፋችሁም ቀጥሉ። ረጅሙ ሣር ውስጥ ሆናችሁ አሁንም በቀላሉ ከገባ፣ የቆማችሁት ድሮ ግሪን በነበረ ቦታ ላይ ነው። በድንገት “ጠቅ” ብሎ የሚቆምበት ቦታ የድሮው ጠርዝ ነው። እዚያ ችካል ትከሉ። ወደ መሐል ተመለሱና በሌላ አቅጣጫ ድገሙት። ዙሪያውን ከጨረሳችሁ በኋላ ችካሎቹን በሲባጎ አገናኙ።

ሦስተኛው ግሪን ላይ ይህን ስሠራ ሲባጎው የሠራው ቅርጽ አስደነገጠኝ። አሁን ያለው እንቁላል ይመስላል። የድሮው ግን ሦስት ጥግ ነበረው፣ አንዱ ጥግ ከባንከሩ ጀርባ ተደብቆ ነበር። የሠራው ሰው ባንዲራውን እዚያ ሲያቆመው ተጫዋቹ ከግራ መምጣት ይኖርበታል። ያ ሁሉ ሐሳብ በእኔ ማጨጃ ሥር ጠፍቷል። ማሽን ሲዞር ክብ ይወዳል። ጥግ ለነጂው አድካሚ ነው። የድሮ ግሪን ሁሉ ወደ እንቁላል የሚሄደው ለዚህ ነው።

አንድ ቦታ ላይ ደግሞ ጎድጓዳ አድርጋችሁ ቆፍሩ፤ 40 ሳንቲሜትር ጥልቀት በአካፋ ስፋት። ሣሩን እንደ ክዳን አንሱና ጥላ ውስጥ አስቀምጡት። ግድግዳውን በቢላ አጽዱ። አፈሩ እንደ ድርብርብ ጨርቅ ይታያል። እኛ ጋ ከታች በኩል ጥቁርና ቅባት ያለው የአሸዋ ንብርብር ወጣ። ሳሸተው የተቃጠለ ዘይት ሸተተኝ። ግሪኑ መጀመሪያ ሣር አልነበረም ማለት ነው። ውኃ በሌለበት አገር አሸዋን በዘይት አርሶ በመጥረጊያ እያስተካከሉ መጫወት የተለመደ ነበር። ፓይንኸርስትም ቢሆን እስከ 1930ዎቹ አጋማሽ ግሪኖቹ አሸዋ ነበሩ። ይህን ማወቅ ይጠቅማል። የዘይት ንብርብር ውኃ አያሳልፍም። ክረምት ላይ ውኃ ግሪናችን ላይ ለምን እንደሚተኛ ለዓመታት ስንጨቃጨቅ ነበር።

ባንከር

ባንከር ሁለት ዓይነት ለውጥ አለው፤ አንዱን ጠብቁ፣ ሌላውን አርሙ። ተጫዋች ከአሸዋ ውስጥ ኳስ ሲመታ አሸዋው ተፈናጥሮ ግሪን በኩል ያለው ከንፈር ላይ ያርፋል። ለዓመታት ሲደጋገም ከንፈሩ ከፍ ይላል። ቀጥ አድርጋችሁ ብትቆርጡት ንብርብሩን ትቆጥራላችሁ። አሸዋው አንዴ ከመቂ፣ አንዴ ከሌላ ቦታ ስለሚመጣ ቀለሙ ይለያያል። እኛ ጋ ሁለተኛው ባንከር ከንፈር ላይ 35 ሳንቲሜትር ለካሁ። ይህ እብጠት ውኃን ወደ ግሪኑ ስለሚመልስ አስቸጋሪ ነው። ግን ደግሞ ሜዳው ራሱ የሠራው ነገር ነው። እኔ ውኃ ካላስቸገረ አልነካውም።

ሁለተኛው ለውጥ ጠርዝ መፍረስ ነው። ዝናብ ይበላዋል፣ ላም ትረግጠዋለች፣ ሠራተኛ በአካፋ ያስተካክለዋል፣ ባንከሩ በየዓመቱ ይሰፋል። እዚህ ላይ ደግማችሁ ፌሮ ተጠቀሙ። ከአሸዋው ሥር የድሮው ጠንካራ ወለል አለ።

ስድስተኛው ሆል ላይ ይህን ማድረግ አልቻልኩም። አንድ ሥራ ተቋራጭ ከመለካታችን በፊት ሎደር አስገብቶ ሁለቱን ባንከር አንድ አደረጋቸው። በአንድ ከሰዓት በኋላ አለቀ። ሥዕል የለንም፣ ፎቶ የለንም። እስከ ዛሬ ስሄድ እዚያ ጋ ልቤ ይሰበራል። ስለዚህ ትእዛዜ አንድ ነው፦ ልኬቱ ወረቀት ላይ ሳይሰፍር ማሽን በር እንዳይገባ።

ዛፍ

ዛፍ መቁረጥ እኛ አገር ከባድ ነገር ነው። ይገባኛል። ግን ባሕር ዛፍ ሁሉ ቅርስ አይደለም። እኛ ሜዳ ላይ ያሉት አብዛኞቹ ሜዳው ከተሠራ በኋላ ለማገዶና ለአጥር የተተከሉ ናቸው። ጉቶ ካገኛችሁ ቀለበቱን ቁጠሩ፣ ግምት ይሰጣል። ጽዱንና ወይራውን ግን አትንኩ፤ በዕድሜ ከሜዳው የሚበልጡ ይሆናሉ።

ፔንሲልቬንያ ያለው ኦክሞንት በ1903 ሲሠራ ገላጣ ሜዳ ነበር። በኋላ ሜዳውን ለማሳመር ብለው በሺዎች የሚቆጠር ዛፍ ተከሉ። ከ1990ዎቹ ጀምሮ ደግሞ በሺዎች የሚቆጠረውን መልሰው ቆረጡ። ሣሩ ዳነ፣ ነፋሱ ተመለሰ፣ ከአንድ ሆል ሌላውን ማየት ተቻለ።

ከመወሰናችሁ በፊት ጥላውን ለኩ። በሰኔና በታኅሣሥ አንድ አንድ ቀን ይበቃል። እኛ ጋ ፀሐይ በሰኔ ቀትር ላይ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች፣ በታኅሣሥ ወደ ደቡብ። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ሦስት ሰዓት ተኩል፣ ቀትርና አሥር ሰዓት ላይ የጥላውን ጫፍ በኖራ ምልክት አድርጉ። ግሪን ላይ ጠዋት የሚያርፈው ጥላ ነው ክፉው። ጤዛው አይደርቅም፣ ሣሩ ይሳሳል። ከዚያ ቲው ላይ ቁሙና ዛፉ ባይኖር ምን እንደምታዩ ጠይቁ። የወፍጮው መሥመር የተገለጠልኝ እንዲህ ነው።

ስለ ውኃ በአጭሩ፦ ከላይ ያለው ሰፈር ሲነጠፍ ጎርፉ ይጨምራል። ሁለተኛው ፌርዌይ የረገረገው በሜዳው ሠራተኛ ጥፋት አይደለም። በክረምት ዝናብ ሲዘንብ ጃንጥላ ይዛችሁ ውጡና ውኃው በየት እንደሚገባ በዓይናችሁ እዩ።

ግሪኑ ፈጣን ነው ብላችሁ ተዳፋቱን አትደልድሉ

የድሮ ግሪኖች ተዳፋት አላቸው። ሲሠሩ ሣሩ ዛሬ ካለው ረዘም ብሎ ነበር የሚቆረጠው፣ ኳሱም ቀስ ብሎ ይንከባለል ነበር። በ1935 ኤድዋርድ ስቲምፕሰን የሚባል ሰው የኳስን ሩጫ የሚለካ ቀላል እንጨት ሠራ። በ1970ዎቹ መጨረሻ የአሜሪካ ጎልፍ ማኅበር ለክለቦች አሠራጨው። ከዚያ በኋላ ፍጥነት ፉክክር ሆነ። ሣሩ እያጠረ ሲሄድ ተዳፋቱ ላይ ኳስ አልቆም አለ። ብዙ ቦታ መፍትሔ ያሉት መሬቱን መደልደል ነው። እኔ አልስማማም። ማጨጃው በአንድ ቁልፍ ከፍ ይላል። የተደለደለ መሬት ግን አይመለስም። በውኃ ልክ ቱቦው ተዳፋቱን በየሁለት ሜትሩ ለኩና መዝግቡ፣ ቢያንስ ማስረጃ ይኖራችኋል።

መመለስ

የጠፋውን የግሪን ጥግ ለመመለስ ሣር መግዛት የግድ አይደለም። ሰርዶ ራሱ ይሳባል። ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲጠና ጀምሩ። ወፍራሙን ኪኩዩ ሣር ከነሥሩ በእጅ ልቀሙ፣ ከቀረ ተመልሶ ይወርሰዋል። ረጅሙን ሣር በአንድ ጊዜ አታውርዱት። በአንድ ቆረጣ ከቁመቱ ከሲሶ በላይ አይነሳም። እኔ ከ25 ሚሊሜትር ጀምሬ ወደ 18፣ ከዚያ ወደ 12 አወረድኩት፤ በየደረጃው ሁለት ሳምንት እየቆየሁ። በየመሐሉ ቀጭን የተነፋ አሸዋ በትኜ በመጥረጊያ አስገባሁ። በጋ ሲመጣ እዚያው ያዝኩት። ሁለት ክረምት ይፈጃል።

ችካሎቹን ግሪኑ እስኪሞላ አትንቀሉ። እኔ የነቀልኩት አንድም የለም። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ማጨጃውን ወደ 8 አወርደዋለሁ፣ ጋሼም መጥተው እንዲያዩት ነግሬያቸዋለሁ።